ወራሪን በስሙ መጥራት

«ወረርሽኝ» የሚለው ቃል የተገኘው «ወረረ» ከሚለው ግሥ ነው። ይህ ስም ለተላላፊ በሽታ ሲሰጥ፥ ወሰን ጥሶ ድንገት የሚገባ ጠላት ታስቦ ነው። ወራሪ በመጣ ጊዜ የአገር ዕድል የሚወሰነው በሠራዊቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በኬላው ላይ የቆመው ዘብ ባየው ነገርና በተናገረው ቃልም ጭምር ነው። ዘቡ አይቶ ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ ሠራዊቱ የቱንም ያህል ቢበዛ ከእንቅልፉ የሚነሣው ቤቱ ከተያዘ በኋላ ነው።

አንዳንድ አገሮች ወረርሽኝን በጥቂት ጉዳት ሲያልፉት፥ በሌሎች አገሮች ግን ብዙ ሕዝብ የሚያልቀው ስለ ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «የገንዘብ ጉዳይ ነው» የሚል ነው። ሐኪምም መድኃኒትም ያለ ገንዘብ ስለማይገኙ መልሱ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አለመሆኑን የኮሮና ወረርሽኝ አስተምሮናል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምናስቀምጠው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) የየአገሩን ዝግጅት በነጥብ የመዘኑ ሊቃውንት የመጀመሪያውን ደረጃ ለአሜሪካ፥ ሁለተኛውን ለእንግሊዝ ሰጥተው ነበር። ቬትናም 50ኛ ነበረች። በሽታው በመጣ ጊዜ ግን በአሜሪካ ውሎ አድሮ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ሲያልቅ፥ በሽታው ከተነሣባት ከቻይና ጋር የምትዋሰነው ቬትናም የመጀመሪያውን የሞት ወሬ ያሰማችው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በ2014 ዓ.ም. 177 አገሮችን ያነጻጸረ አንድ ጥናት ታተመ። ጥናቱ እንዳሳየው፥ ሕዝብ በመንግሥቱ ላይና እርስ በርሱ ያለው መተማመን በበዛበት አገር በሽታው የተዛመተው በጥቂቱ ነው።

እንግዲህ መተማመን ከወዴት ይመጣል? በአዋጅ አይመጣም፤ በገንዘብም አይገዛም። የሚመጣው እውነት በጊዜው ከተነገረ ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመተማ ባሻገር፥ ከገዳሪፍ በስተሰሜን ያለችውን ኒው ሀልፋንና አካባቢዋን መመልከት ይበቃል።

ኒው ሀልፋ የሰው እጅ ያቆማት ከተማ ናት። በግብፅ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ፥ የሚጠራቀመው ውኃ በዐባይ ዳር የነበረችውን ዋዲ ሀልፋን የሚያሰጥማት ስለ ሆነ፥ ከታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ 50 ሺሕ ያህል ኑብያውያን ሰፈራቸውን ለቀው በባቡር ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተጓዙ። በአትባራ ወንዝ ላይ በተሠራው በኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ አጠገብም አዲስ ከተማና አዲስ እርሻ ተሰጣቸው። ግድቡን የሚሞላው ውኃ የእኛው ደጋ ውኃ ነው፤ ከጎንደር አካባቢ የሚነሡት ጓንግና አንገረብ፥ እንዲሁም ድንበር ላይ ሰቲት የሚባለው ተከዜ ወደዚያው ይወርዳሉ።

የቀድሞዪቱ ዋዲ ሀልፋ የዘብ ነገር እንግዳዋ አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. እጅግ አደገኛ የሆነች የወባ ትንኝ ከሱዳን ተነሥታ ወደ ግብፅ ዘልቃ ስለ ገባች፥ በላይኛው ግብፅ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ግብፅ በብርቱ ዘመቻ በ1937 ዓ.ም. ትንኟን ካጠፋች በኋላ፥ ዳግመኛ እንዳታልፍ በዋዲ ሀልፋ አካባቢ ጥበቃ ተደረገ። በዚህ ምክንያት ስለዚያ ወራሪ በየጊዜው ይጠየቅ፥ የታየውም ሁሉ ይነገር ነበር። በኒው ሀልፋ ግን ሰፋሪዎቹን የጠበቃቸው ሌላ ኑሮ ነው። የመስኖው ቦይ ጥጥና ስንዴ እንዳበቀለ ሁሉ ወባንና ቢልሃርዚያን አስከተለ፤ ጥበቃውም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየዓመቱ መታደስ ያለበት ሥራ ሆነ።

የጽሑፋችን ዋና ምስክር ግን የኮሌራ ነገር ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሱዳን ብርቱ ተቅማጥ ተነሣ፤ ኒው ሀልፋ የምትገኝበት የከሰላ ክፍለ አገርም ከተጠቁት አንዱ ነበረ። የጊዜው መንግሥት «አጣዳፊ ተቅማጥ ነው» አለ እንጂ ኮሌራ የሚለውን ስም ከአፉ አላወጣም። ስሙን መጥራት ንግድን ያውካል፥ የአገርንም ክብር ይነካል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በሽታው እስከ 2010 ዓ.ም. ቈይቶ ከ36 ሺሕ የሚበልጥ ሰው አሳመመ፤ ከ800 የሚበልጠውም ሞተ።

ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ተለወጠ። ጳጕሜን 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በብሉ ናይልና በሲናር በሽታው እንደ ገና ሲታይ፥ የሱዳን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ወዲያው «ይህ ኮሌራ ነው» ብሎ ለዓለም ገለጸ። በስሙ የተጠራ በሽታ መድኃኒቱም በስሙ ይጠየቃልና፥ ለኮሌራ ተብሎ ከተቀመጠው የዓለም ክምችት ክትባት መጣ፤ ለሕዝቡም መሰጠት ተጀመረ። በዚያ ወረርሽኝ የታመሙት ጥቂት መቶዎች፥ የሞቱትም 11 ሰዎች ናቸው። አገሩ ያው አገር፥ ወንዙ ያው ወንዝ፥ ድኽነቱም ያው ድኽነት ነበረ። ለልዩነቱ ሌላም ምክንያት አይጠፋም፤ ነገር ግን ዘቡ በፊተኛው ጊዜ ዝም ማለቱ፥ በኋለኛው ጊዜ መጮኹ ከሁሉ የሚታይ ምክንያት ነው።

በጐረቤት ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ተገቢ አይደለም። በእኛም አገር በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. «አተት» የሚለው ስም በየመሥሪያ ቤቱና በየራዲዮው ሲነገር፥ ኮሌራ የሚለው ቃል ሲሸሽ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን በሽታው በግልጽ ስሙ ተጠራ። በዚህም አገር አልፈረሰም፤ ንግድም አልቆመም።

የቍጥርም ነገር እንዲሁ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን፥ ሁለቱም በአንድ ቀን፥ የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ አስታወቁ። በኋላ በካርቱም የተደረገ ጥናት፥ እስከ ኅዳር 2013 ዓ.ም. በዚያች ከተማ በኮሮና ከሞቱት መካከል የተመዘገቡት ከመቶው ሁለት ያህል ብቻ እንደ ሆኑ ገመተ። ስለዚህ «እገሌ አገር ጥቂት ሰው ሞተበት» ሲባል ከማድነቅ በፊት «ቈጥሯልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መቃብሩን ያልቈጠረ አገር ወረርሽኙን አሸነፈ አይባልም።

ይህን ስንል ስሙን መጥራት ብቻውን ያድናል ማለታችን አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ። በዚያው ክረምት ከጦርነቱ ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ ሰዎች በሰፈሩበት በኩመር ጣቢያ ኮሌራ ታየ፤ መስከረም 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከወዲያ ማዶ በገዳሪፍ መኖሩ በይፋ ተነገረ። ስሙ በጊዜው ስለ ተጠራ በኅዳር ወር ለገዳሪፍ ሕዝብ ክትባት ደረሰ። ደመወዛቸው ለወራት የተቋረጠባቸው የጤና ሠራተኞች በጦርነት መካከል ይህን ማድረጋቸው ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ጦርነቱ የውኃ ማጣሪያውን ሲያፈርስ፥ ሐኪሙን ሲያሳድድ፥ መንገዱንም ሲዘጋ በሽታው እንደ ገና ተነሣ፤ ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለተኛ ወረርሽኝ ታወጀ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከምሥራቅ ጀዚራ ከመቶ ሺሕ የሚበልጥ ሕዝብ ሲሰደድ፥ ከተቀበሉት ከተሞች አንዷ ራሷ በስደተኞች የተቈረቈረችው ኒው ሀልፋ ነበረች። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በመላው ሱዳን የታመሙት 100 ሺሕ ያህል ደርሰው ነበር። የዘብ ጩኸት ምሽግን አይተካም፤ ምሽጉም ንጹሕ ውኃ፥ የጤና ጣቢያና ሰላም ነው። ዳሩ ግን ዘቡ ካልጮኸ ምሽጉም ጥቅም የለውም።

እንግዲህ ለመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ወረርሽኝ መጀመሪያ የሚታየው በሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ አይደለም። የሚታየው በአንድ የገጠር ጤና ኬላ፥ በአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መዝገብ ላይ ነው። ያቺ ሠራተኛ «በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ሰዎች በተቅማጥ ታመሙ» ብላ ስትጽፍ፥ አለቃዋ «ወረዳችንን ልታሰድቢ ነውን?» ብሎ ከተቈጣት፥ በሚመጣው ሳምንት ሃምሳ ቢታመሙ አትጽፍም። አመስግኖ በዚያው ቀን ሰው ከላከ ግን፥ አምስቱ ሃምሳ ሳይሆኑ ይቀራሉ። መልካም የሆነው ሪፖርት መልካም ወሬ የያዘው ሳይሆን እውነት የያዘው ነው። ክፉ ወሬ ያመጣን ሰው የማይቀጣ አለቃ ለወረዳው ከብዙ መድኃኒት ይልቅ ይጠቅማል።

ይህ ነገር በቤተሰብ ውስጥም ያው ነው። ጐረቤት እንዳይሰማ ተብሎ የታመመ ሰው በጓዳ ቢሸሸግ፥ በሽታው ከጓዳ ወደ ጕድጓድ ውኃ፥ ከውኃውም ወደ ሰፈሩ ይሄዳል። እንደ ውኃ የቀጠነ ተቅማጥ በቤት ውስጥ ሲታይ እናት ወይም አባት ሳይዘገዩ ለጤና ጣቢያ ያስታውቁ። እስከዚያው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሳይከመር በተለካ የሻይ ማንኪያ 6 ስኳርና ግማሽ ጨው በጥብጠው ለሕመምተኛው ደጋግመው ያጠጡ። ይህን እያጠጡ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰዱን አያዘግዩ፤ በኮሌራ የተያዘ ሰው ሳይታከም ቢቀር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላልና። የሚጠጣውን ውኃ ሁሉ ያፍሉ፤ እጃቸውንም በሳሙና ይታጠቡ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ የሚደርሰው ግን ጭሱን ያየው ሰው «እሳት ነው!» ብሎ ሲጮኽ ነው። ወረርሽኝን የተቋቋሙት አገሮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው የሰሙ፥ ስለ ጩኸቱም ያላሳፈሩት ናቸው።