መነጽሩ የማያሳየው

ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው ቴክኖሎጂ ዓይንን በመነጽር፣ ጆሮን በማዳመጫ ከድኖ ሰውን ወደ ሌላ ሰው ሕይወት አስገባለሁ ይላል። ‹‹አቀምሳለሁ›› ከሚላቸው ሕይወቶች አንዱ ዓይነ ስውርነት ነው። ዓይናማው ለጥቂት ደቂቃ በጨለማ ይደናበርና መነጽሩን አውልቆ፣ ከንፈሩን መጥጦ፣ ‹‹አሁን ገባኝ›› ብሎ ይሄዳል።

ምኑ ገባው? የቀመሰው የመጀመሪያውን ቀን ድንጋጤ ነው። በበትር ጫፍ መንገድ ማንበብ፣ በኮቴ ድምፅ ግድግዳን ከክፍት በር መለየት የዓመታት ዕውቀት ነው። አማርኛ የማያውቅ እንግዳ መርካቶ መሐል አሥር ደቂቃ ግራ ስለተጋባ የነጋዴውን ኑሮ አወቀ አይባልም።

ነገሩ በአጉል ግምት ቢቀር ባልከፋ። እ.ኤ.አ. በ2015 አሪየል ሲልቨርማንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ዓይናቸው ተሸፍኖ ልዩ ልዩ ተግባር የሞከሩ ሰዎች ‹‹ዓይነ ስውር ሠርቶ፣ ራሱን ችሎ ለመኖር ያለው ችሎታ አነስተኛ ነው›› ወደሚል ፍርድ አዘንብለዋል። (ሲልቨርማን ራሳቸው ዓይነ ስውር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።) ዓይናቸው የተሸፈነው በጨርቅ ነበር፤ መነጽሩ ግን ያንኑ ጨርቅ አስውቦ ያቀርባል። አዝኖ የወጣው ጎብኚ ነገ ቀጣሪ ሲሆን የሥራ ማመልከቻ የሚያገላብጠው በዚያው ሐዘን ነው። በአምስት ዓመታቸው ብርሃናቸውን ያጡት የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከራይት ላይቭሊሁድ ተሸላሚዎች አንዷ ሆነዋል። ከዚህ ሁሉ ሕይወት መነጽሩ የሚያሳየው ያችን ብርሃን የጠፋባትን ዕለት ብቻ ነው።

የተሻለ ሥራ መኖሩ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ‹‹ኖትስ ኦን ብላይንድነስ፦ ኢንቱ ዳርክነስ›› የተመሠረተው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ምሁር የነበሩት ጆን ሃል ከ1983 ጀምሮ ስለ ዓይነ ስውርነታቸው በካሴት በቀዱት ማስታወሻ ላይ ነው። ዝናብ በጣራው፣ በቅጠሉ፣ በመንገዱ ላይ በየድምፁ ሲወርድ የአካባቢው ቅርጽ እንዴት ለጆሮ እንደሚገለጥ ይተርካሉ። አዘጋጆቹ ግን እያንዳንዱን ድምፅ ለተመልካች በጨለማ ላይ በሚያበሩ ነጠብጣቦች ሣሉት። ስለ ዓይነ ስውርነት የተሠራው ሥራ ዓይንን ሳያባብል መቆም አልቻለም! የሥራው ነፍስ የሃል ድምፅ ነው፤ እርሱን ለመስማት ደግሞ የካሴት ማጫወቻ ይበቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988 በጀርመን አንድሪያስ ሃይኔከ የጀመሩት ‹‹ውይይት በጨለማ›› የተሰኘ ዐውደ ርእይ መነጽር አላስፈለገውም። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ አስጎብኚዎቹ ዓይነ ስውራን ናቸው። የሚደናበረው ዓይናማው ነው፤ እጁን ይዞ የሚያሻግረው ዓይነ ስውሩ።