ሁለተኛው ክፍል ተገኘ

ማክሰኞ ማታ አንድ ታሪክ አንብቤ ጨረስኩ። የጀመርኩት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነበር።

ያኔ ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ አንጥፈው የሚሸጡና የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን ከአሮጌ የፈተና ወረቀቶች ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ የሱፐርማን ኮሚክ አገኘሁ። ለኪራዩ የሚሆን ሳንቲም ነበረኝ፣ ማስያዣው ግን ከየት ይምጣ! ስለዚህ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ጠላቶቹ ማንነቱን ደርሰውበታል፤ ቀድሞ የሚያስቁት ተራ ወንበዴዎች ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ሆነዋል፤ እሱም ወዳጆቹን ሰብስቦ በረዶ ውስጥ ወዳለው ምሽጉ ወስዷቸዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሱፐርማን ያለቅሳል። ሱፐርማን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ተከታዩ የለዎትም?» አልኳቸው።

«ይመጣል ልጄ፣ ጠብቅ» አሉኝ።

ጠበቅሁ። በየሳምንቱ እየሄድኩ ጠየቅሁ። በኋላ ስረዳው የሱፐርማን ተከታይ ቁጥር ቢመጣላቸውም አይጠቅመኝም ነበር። ያነበብኩት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1986 የወጣው ሱፐርማን ቁጥር 423 ነው፤ ሁለተኛው ክፍል የታተመው ግን በሌላ መጽሔት፣ በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 583 ላይ ነበር። የአንድ ታሪክ ግማሹ አንድ ቤት፣ ግማሹ ጎረቤት። ጋሼ ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም፤ እኔም የደራሲውን ስም እንኳ አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ወደ 300 ገጽ የሚሆን አንድ ጥራዝ ይዞልኝ መጣ። ዲሲ ኮሚክስ በ2006 ያሳተመው የአለን ሙር ታሪኮች ስብስብ ነው። ገለጥኩት። ያ ታሪክ ሁለቱም ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጧል። ቡናው ቀዘቀዘ፤ እንግዳዬም ብቻውን ተቀመጠ። ይቅር በለኝ ብየዋለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

አለን ሙር በ1953 ኖርዝሃምፕተን የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ከሠዓሊው ከዴቭ ጊቦንስ ጋር በሠራው በዋችመን ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ትልልቅ ሥራዎቹን አይደለም። እነዚያ ጠበቃ አያጡም። የማወራው በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚህም እዚያም ስለበተናቸው አጫጭሮቹ ነው፤ አንዱ የሱፐርማን ዓመታዊ እትም ውስጥ፣ አንዱ ግሪን ላንተርን መጨረሻ ገጾች ላይ፣ አንዱ በዲቴክቲቭ ኮሚክስ ከባትማን ጀርባ፣ ሌላው ዛሬ ስሙን የሚያስታውሰው በሌለ መጽሔት ውስጥ። ትልቅ ደራሲ በጥቂት ገጽ ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚታየው እዚህ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋውም ይህ ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። ቦልፉንጋ የሚባል ትምክህተኛ ጦረኛ ሞጎ የሚባለውን የግሪን ላንተርን ጓድ አባል ገጥሞ ለመጣል ይነሳል። ሞጎ ስብሰባ አይመጣም፤ አይቶት የሚያውቅም የለም። ቦልፉንጋ ሞጎ ይኖርበታል የተባለችው ፕላኔት ላይ ወርዶ ጫካውን ያስሳል፤ የሚያየውን ሁሉ በካርታ ላይ ያሰፍራል። በመጨረሻ ካርታውን ሲያየው ደሙ ይቀዘቅዛል። ሲፈልገው የከረመው ሞጎ የቆመባት ፕላኔት ራሷ ናት። ስብሰባ የማይመጣውም ስበቱ አገር ስለሚያፈርስ ነው። በቃ፣ አለቀ። የጊቦንስ ሥዕል ደግሞ ምስጢሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ፊታችን አስቀምጦ ይደብቅብናል። በ1985 ይህን ለማንበብ መጽሔቱን እስከ መጨረሻው መግለጥ ያስፈልግ ነበር፤ ያልገለጠው አመለጠው።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ያን ተርጓሚ ወዳጄን ታውቁታላችሁ። ለዓመታት የተጣላነው በአንድ ዓረፍተ ነገሩ ምክንያት ነው፤ «ይህ ነገር በአማርኛ ቃል የለውም» ይላል። ኮሚክ በአማርኛ አይሆንም፣ ሱፐርሂሮ ለእኛ ባዕድ ነው፣ ቃሉ ከሌለ ነገሩም የለም ባይ ነው። በስንት ጽሑፍ መለስኩለት! ሙር ግን በ1987 በወጣች አንዲት አጭር ታሪክ ከእኔ ይልቅ አሳምሮ መልሶለታል።

ካትማ ቱዪ የምትባል የግሪን ላንተርን አባል አዲስ ሰው ለመመልመል ብርሃን ፈጽሞ ወደማይደርስበት የሕዋ ጥግ ትላካለች። እዚያ ያገኘችው ፍጡር ሮት ሎፕ ፋን ይባላል። ዓይን የለውም። የሚኖርበት ዓለም ብርሃን የሚባል ነገር ስለማያውቅ ለብርሃን ቃል የለውም፤ ለቀለምም የለውም። እንግዲህ ግሪን ላንተርንን፣ «አረንጓዴ ፋኖስ» ማለትን፣ እንዴት ታስረዳው? ወዳጄ ቢሆን ሻንጣውን ዘግቶ ይመለስ ነበር። ካትማ ግን ቁጭ ብላ አሰበች። እሱ የሚያውቀው ድምፅን ነው። ፋኖሱን ደወል አደረገችው። አረንጓዴውን የሚያሳርፍ፣ የሚያረጋጋ አንድ የሙዚቃ ድምፅ አደረገችው፤ ኤፍ ሻርፕ። የጓዱን መሐላም በጨለማ ለሚኖር ሰው እንዲሆን አድርጋ በድምፅ ቀየረችው። ፍጡሩ ማለ፤ ሥራውን ጀመረ። አረንጓዴ ምን እንደሆነ፣ ፋኖስ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አላወቀም። ግን ታማኝ የደወሉ ጓድ አባል ነው።

ስለ ትርጉም ሥራ ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም። ብዙ ትምህርት ያላቸው ሰዎች በወፍራም መጽሐፍ የሚከራከሩበትን ጉዳይ ሙር፣ ቢል ዊሊንግሃም በሣላቸው ጥቂት ገጾች፣ ጨረሰው። ይህች ታሪክ ተበታትና ብትቀር ኖሮ ወዳጄ ሳይረታ ይኖር ነበር። ጥራዙን አውሼዋለሁ፤ እስኪመልስልኝ እየጠበቅሁ ነው።

ተሰብስቦ መታተም ደራሲውን ያስመሰግነዋል ብቻ ብዬ አልዋሽም፤ ድክመቱንም ያወጣል። በጥራዙ ውስጥ ከሁሉ ዝነኛ የሆነው በ1988 ብራያን ቦላንድ የሣለው የባትማንና የጆከር ታሪክ ነው። ሥዕሉ ያስደንቃል። ታሪኩን ግን አልወደድኩትም፤ ያኔም ዛሬም። ጆከር ባርባራ ጎርደን የምትባለውን ሴት በጥይት መትቶ ሽባ ያደርጋታል፤ ከዚያ በኋላ የእሷ ሥቃይ የወንዶቹ ጉዳይ ማጣፈጫ ይሆናል። ሙር ራሱ ኋላ ላይ ይህን ሥራውን እንደማይወደው ተናግሯል። እኔ ሰብሳቢ ብሆን ግን አላወጣውም ነበር። ስብስብ ሲባል ሙሉውን ነው፤ የሚያሳፍረውም ይግባ።

የምወደውን ከጠየቃችሁኝ በ1985 የታተመው የሱፐርማን የልደት ቀን ታሪክ ነው። ሞንጉል የሚባል ጨካኝ ለሱፐርማን አንዲት አበባ በስጦታ መልክ ይልክለታል። አበባዋ ደረቱ ላይ ተጣብቃ የልቡን ምኞት በሕልም ታሳየዋለች። ምኞቱ ምንድን ነው? የተወለደባት ክሪፕተን ሳትጠፋ፣ እሱም ተራ ሰው ሆኖ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ለመንቃት ልጁን አቅፎ «እውነተኛ አትመስለኝም» ብሎ መንገር አለበት። አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ይህን ገጽ እንዴት እንደሚያነበው አውቃለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ሲያነበው ፊቱን አይቻለሁ። ከዋሽንግተን እዚህ ድረስ ይዞት ሲመጣ ያችን ገጽ አጥፎ ምልክት አድርጎባት ነበር።

እዚህ ላይ ደስታዬን ብቻ ጽፌ ልጨርስ ነበር ያሰብኩት። ረቡዕ ጠዋት ግን ሽፋኑን ደግሜ አየሁት። ከሁሉ ቀድሞ የተጻፈው የአሳታሚው ስም ነው፤ ዲሲ ዩኒቨርስ ይልና ከዚያ የሙር ታሪኮች ይላል። ቅደም ተከተሉ እውነቱን ይናገራል፤ ታሪኮቹ የሙር አይደሉም። የድርጅቱ ናቸው።

ያ ልጅ ሳለሁ ለገሃር ቆሜ ያነበብኩት፣ ያስለቀሰኝ ታሪክ ራሱ ከዚህ የመጣ ነው። ለአሮጌው ሱፐርማን መሰናበቻ ይጻፍ ሲባል አርታኢው ጁሊየስ ሽዋርትዝ መጀመሪያ ያሰቡት ከሱፐርማን ፈጣሪዎች አንዱን፣ ጄሪ ሲግልን ነበር። በሕግ ጉዳይ አልተሳካም፤ ዕድሉ ለሙር ደረሰው። ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር በ1938 ሱፐርማንን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። አንድ መቶ ሠላሳ ዶላር። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በክርክር ጨረሱት።

በሙር ላይ የደረሰውን ሳስብ ደግሞ የምወደው ነገር እጄ ላይ ይከብደኛል። የዋችመን ውል ሲፈረም መጽሐፉ ከኅትመት ሲወጣ መብቱ ለሙርና ለጊቦንስ እንዲመለስ ተስማምተው ነበር። በዚያ ዘመን ኮሚክ በየወሩ ወጥቶ ይረሳ ስለነበር መብቱ ቶሎ የሚመለስ መስሏቸው ነበር። አሳታሚው ግን በ1987 አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ኅትመቱ ተቋርጦ አያውቅም። መብቱም አልተመለሰም። እኔ ዛሬ የማመሰግነው ያው ጥራዝ፣ አንባቢ እንዳያጣ የሚያደርገው ጥራዝ፣ ደራሲውን ሥራውን አሳጣው። ሙር ከድርጅቱ ጋር ተለያየ። ከሥራዎቹ በሚሠሩ ፊልሞች ላይም ስሙ እንዳይወጣ ጠየቀ፤ ድርሻው የሆነው ገንዘብ ለሠዓሊዎቹ እንዲሰጥ አደረገ። ስንት ሰው ያደርገዋል?

«ውል ውል ነው፣ ፈርሟል» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ፈርሟል። የፈረመው ግን ሥራው እንደሚመለስለት አምኖ ነው። ይህን ማወቅ እየቻለ «ፈርሟል» ብሎ ከሚያልፍ ሰው ጋር የምከራከርበት ጊዜ የለኝም።

ስለዚህ የደራሲ የተበታተነ ሥራ ይሰበሰብ እላለሁ፤ አሁንም አጥብቄ እላለሁ። ሲሰበሰብ ግን ሰውየው በሕይወት እያለ ተጠይቆ ይሁን፤ ድርሻው ይሰጠው፤ የሠዓሊዎቹም ስም በጉልህ ይጻፍ። ሱፐርማንን ለብዙ አሥርት ዓመታት የሣለው ከርት ስዋን በዚያ መሰናበቻ ታሪክ ላይ እያንዳንዱን ፊት እንደ ዘመድ ፊት ነው የሣለው። በ1996 ዐረፈ። የልጅነቴን ዕንባ ያወጣው የሙር ቃል ብቻ አልነበረም፤ ያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አልነበረም። ያነበብኩት የስዋንን እጅ ነው።

የታሪኩ መጨረሻ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። እኔ ይህን ያህል ዘመን ጠብቄዋለሁና እናንተም በራሳችሁ ድረሱበት።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። በዚያ ዘመን ኮሚኮች ላይ ይታተሙ የነበሩት የአንባቢ ደብዳቤዎችና ማስታወቂያዎች ጥራዙ ውስጥ የሉም፤ ወረቀቱም ያ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀረው ሻካራ ወረቀት አይደለም። ከእናንተ መካከል ቤቱ ውስጥ፣ ሣጥን ሥር፣ አሮጌ መጻሕፍት መሐል አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 583 ያለው ሰው ካለ፣ ሽፋኑ ቢገነጠልም ግድ የለኝም፣ ለአንድ ከሰዓት ያውሰኝ። ማስያዣውን አሁን መክፈል እችላለሁ።