የሰው ወርቅ ያደምቃል!

«ይሄ ፊልም አይደለም፣ ጌም ነው» አሉን።

እሺ፣ ጌም ነው። ከ«ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» የቀዳነው ነው፤ አልደበቅንም፣ መጀመሪያው ላይ በትልቁ ጽፈነዋል። የ11 ደቂቃዋ ፊልማችን ካሜራ የላትም፣ ተዋናይ የላትም፣ ባጀቷን የሚያውቀው የመብራት ቆጣሪው ብቻ ነው። ዝናብ በሰዓት በሚሸጥበት ዘመን ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ደመና ጭኖ ስለሚወጣ የአይሱዙ ሹፌር ትናገራለች። የጌሙ በረሃ ሚኤሶ ሆነ፣ የጌሙ ተራራ ደግሞ የኛ ዳገት። ድምጹ ግን የራሳችን ነው፤ አማርኛውና ኦሮምኛው ተጠላልፎ፣ ልክ መናኸሪያ ውስጥ እንደምናወራው።

በርጫ ላይ ላፕቶፕ ከፍተን ስናሳይ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወዳጃችን (ፊልም «ያጠና» ነው፣ ሦስት ጊዜ ነግሮናል) ጉንጩን እንደሞላ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ ተረተብን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኛም አብረን ሳቅን። ማታ ግን ከነከነን።

እስቲ አንድ ጥያቄ። ጭሮን፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን፣ ማን ቆረቆራት? ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉትስ? እኚሁ ሰው! ታሪኩን ከየት አመጡት? ከፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ነዋ። በተውሶ አውሬ አፍ የገዛ አገራቸውን ሹማምንት ሸነቆጡበት፤ ንግሥት ዘውዲቱም አገዱት። የሰው ወርቅ የማያደምቅ ከሆነ ቤተ መንግሥቱን ምን አስደነገጠው?

ወደ ጌሙ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ፓሪስ ዳርቻ ከፖሊስ የሸሹ ሁለት ልጆች ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ውስጥ ተደብቀው ሞቱ፤ አመጽ ተቀጣጠለ። አሌክስ ቻን የተባለ፣ ፊልም ሠርቶ የማያውቅ ወጣት፣ «ዘ ሙቪስ» በተባለ ጌም ብቻ «ዘ ፍሬንች ዲሞክራሲ»ን ሠራ። 13 ደቂቃ ገደማ ነው። ጌሙ ውስጥ የሱ ሰፈር የለም፤ አሜሪካ አሜሪካ በሚሸት መንደር አብቃቃው። ምስሉ ሻካራ ነው፣ ጽሑፉ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ግን የሚለው ነበረውና የአሜሪካ ጋዜጦች ሳይቀሩ ጻፉለት። ካሜራና ፈቃድ እስኪያገኝ ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬም እየጠበቀ ነበር።

ዝም ብለን ለሌብነት ጥብቅና እየቆምን አይደለም። በ1982 ቱርኮች «ዱንያዪ ኩርታራን አዳም» ብለው ከ«ስታር ዎርስ» የጠፈር ምስሎችን ቆርጠው ለጠፉበት፤ ማንንም አላስፈቀዱም። ማይክሮሶፍት በ2007 ባወጣው ደንብ ከጌሞቹ የተቀዳ ምስል ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ቪዲዮ እንዲሠራበት ፈቅዷል፤ የኛ ጌም የሱ ባይሆንም መስመሩ ፍትሐዊ ይመስለናል። ስለዚህ ቪዲዮ ቤት ቲኬት አንቆርጥባትም። በርጫ ላይ በነጻ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበን። ያ ወዳጃችን «ክራምብስ»ን ያደንቃል። እኛም እንወደዋለን። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 ያወጣው፣ ዳሎል ድረስ ሄዶ የቀረጸው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚተውኑበት የኢትዮጵያ ሳይንስ ፊክሽን ነው። ስሙ ፍርፋሪ ማለት ነው፤ ዓለም ካለቀች በኋላ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ይከበሩበታል። ግሩም! ታዲያ ፈረንጅ የዘመናችንን ውዳቂ ሲለቃቅም ጥበብ፣ የጭሮ ልጅ ሲለቃቅም «ጌም ነው»?

ስንት የአማርኛ ፊልም አይተን አደግን። ቦሌ ቪላ፣ ሶፋ፣ የተኮራረፉ ፍቅረኞች። የሐረርጌ ልጅ ብቅ የሚለው ተመልካች ማሳቅ ሲያስፈልግ ነው፤ አነጋገሩን አጋንኖ ይስቅና ይሰናበታል። ስለወደፊቱ የሚያስብ ሐረርጌ በየትኛው ፊልም አያችሁ? እንግዲህ የኛ ሹፌር ምስሉ የተውሶ ነው፣ እግሩም አንዳንዴ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ግን አያስቅም፤ ደመናውን ለማን እንደሚሸጥ ያስባል።

ክፍል ሁለትን ጀምረናል። የሂርና ወይም የገለምሶ አነጋገር ያላት፣ ደመናውን በዱቤ የምትጠይቅ አሮጊት ድምጽ እንፈልጋለን። ወዳጃችንም ይምጣ። የቀረጥ ተቀባዩን ቦታ ለማንም አልሰጠንበትም።