የኮምፒዩተር ምሕንድስና ዕዳውና ትርፉ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ ዓምድ ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ ውድነት የሚጻፈውን ዘወትር አነባለሁ። ዛሬ ደግሞ እኔ በበኩሌ በየቤታችን ስለሚመከርበት አንድ ጉዳይ አስተያየቴን እንድገልጽ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ነገሩም ይህ ነው፤ ልጆቻችን የኮምፒዩተር ምሕንድስና እንማር ሲሉን ለአምስት ዓመት የሚወጣው ወጪና የሚገባው ዕዳ ኋላ ከሚገኘው ደመወዝ ጋራ ሲመዛዘን ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

የምኖረው ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጎጃም መንገድ ላይ በምትገኘው በጫንጮ ከተማ ነው። ማልደን ተነሥተን በአዲሱ ገበያ በኩል ወደየመሥሪያ ቤታችን የምንመላለስ ሰዎች ብዙዎች ነን። የአገሩ ሀብት ላምና ድርቆሽ ሲሆን ወተቱ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ስለ ልጅ ትምህርት ሲታሰብ፣ ላሚቱ ትሸጥ ወይስ ትቆይ የሚለው ሐሳብ አብሮ ይነሣል።

በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከመቶ ተማሪዎች ያለፉት ዘጠኝ እንኳ አይሞሉም። ልጄና የጎረቤቴ ልጅ ካለፉት መካከል በመሆናቸው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ልጄ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብታ በዓመቱ መጨረሻ የምትማረውን ሙያ ትመርጣለች። የጎረቤቴ ልጅ ግን የተመደበበትን አልወደደም። አዲስ አበባ ካለ አንድ የግል ኮሌጅ ገብቶ የኮምፒዩተር ምሕንድስና መማር ይፈልጋል። አባቱም ካሉት ሦስት የወተት ላሞች ሁለቱን ለመሸጥ አስቦ ምክር ጠየቀኝ። እኔም ነገሩን በግምት ከመመለስ ይልቅ እርሳስና ወረቀት ይዤ ማስላትን መረጥሁ።

በመጀመሪያ የመንግሥቱን ዕዳ እንመልከት። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት ያህል በአገራችን ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ግን ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ተደነገገ። አከፋፈሉም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ነው። ይህ ዓይነት አሠራር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 በአውስትራሊያ ከተጀመረው ጋራ ይመሳሰላል።

የተማሪው የቀን ምግብ ሒሳብ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ካለ ወዲህ ዕዳው የቀድሞው ዓይነት አይደለም። በዓመት 300 ቀን ቢመገብ 30,000 ብር፣ በአምስት ዓመት 150,000 ብር ይሆናል። መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ተጨምሮበት 200,000 ብር ይድረስ እንበል። ይህን ቍጥር የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ድንጋጤውን ትተን ደመወዙን እንይ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ላይ የሥራ ግብር 2,100 ብር፣ የጡረታ 7 በመቶ 805 ብር ሲቀነስ 8,595 ብር ይተርፋል። ለትምህርቱ ዕዳ 10 በመቶው፣ ማለት 1,150 ብር ሲነሣ በእጁ የሚገባው 7,445 ብር ነው። በዚህ አኳኋን 200,000 ብር ከፍሎ ለመጨረስ አሥራ አራት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ደመወዙ ካደገ ግን ጊዜው ያጥራል።

ይህ ቀላል ነው አልልም። በ7,445 ብር የቤት ኪራይ ከፍሎ በአዲስ አበባ መኖር ምን እንደሆነ እናንተ አንባብያን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን የዚህ ዕዳ ጠባይ ከሌላው ዕዳ የተለየ ነው። ሥራ ያላገኘ ሰው ደመወዝ ስለሌለው የሚቀነስበት የለም፤ አበዳሪ ሆኖ ደጁን የሚያንኳኳ፣ ላሙን የሚነዳበትም የለም። ደግሞም ዕዳው የተጻፈው በብር ቍጥር ነው። ከ15 ዓመት በፊት 10,000 ብር የፈረመ ተመራቂ የብዙ ወር ደመወዙን ፈርሞ ነበር፤ ዛሬ ግን ያው 10,000 ብር ከአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ያንሳል። እንግዲህ የብር መርከስ ለቆጣቢው ጠላት ሲሆን ለዚህ ተበዳሪ ግን ሸክም ማቅለያ ሆነለት ማለት ነው። ችግሩ ተመራቂው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ወይም ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት ሲፈልግ ዕዳውን መክፈሉን እንዲያሳይ መጠየቁ ነው። ይህንን ከፊርማው በፊት ማወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ወጪ በውል ላይ ያልተጻፈው ነው። ምሕንድስና አምስት ዓመት ሲፈጅ የኮምፒዩተር ሳይንስ በአራት ዓመት ያልቃል። ያቺ አንዲት ዓመት በመነሻው ደመወዝ ስትታሰብ ከግብርና ከጡረታ በኋላ 103,140 ብር ትሆናለች። የዓመቱን ዕዳ 40,000 ብር ብንጨምርበት ከ143,000 ብር ይበልጣል። የምሕንድስናው ትምህርት የመሣሪያውን አካልና የኤሌክትሪኩን ነገር ጨምሮ ስለሚያስተምር ዋጋ አለው፤ የልጁ ዝንባሌ ወደዚያ ከሆነ ይማር። ነገር ግን የሚሻው ፕሮግራም መጻፍ ብቻ ከሆነ፣ መሐንዲስ ለመባል ሲል ይህን ያህል ገንዘብ መክፈሉ ትርፉ አይታየኝም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሳስበኝ የጎረቤቴ ጉዳይ ነው። ለግል ኮሌጅ የሚከፈለው ገንዘብ ሥራ እስኪገኝ አይጠብቅም፤ በየመንፈቁ አስቀድሞ ይከፈላል። ላም የሚሸጥ ሰው ደግሞ ላሚቱን ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመት ወተቷንና ጥጆቿንም ጭምር ይሸጣል። ልጁ በትምህርት ላይ ሳለ ቤቱ በምን ይተዳደራል? ታናናሾቹስ በምን ይማራሉ? ዕቁብ አስቀድሞ ወስዶ ወይም ከዘመድ ተበድሮ የሚከፍል ሰው ደግሞ፣ ልጁ ሥራ ያግኝ አያግኝ፣ ዕዳው ጊዜውን ጠብቆ ይመጣበታል።

በዚህ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ግን ከአምስት አንድ አልሞሉም። ይህን ስል የግል ተቋማትን ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም፤ በመካከላቸው በርትተው የሚያስተምሩ አሉ። ነገር ግን ላም የሚሸጥ አባት የኮሌጁን ግቢና ማስታወቂያ ሳይሆን፣ ከተማሪዎቹ ስንቱ እንዳለፈ አስቀድሞ መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ከዚህ ተነሥተው ትምህርት ከንቱ ነው፣ ልጁ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በደርባ መንገድ የሲሚንቶ መኪና ይንዳ ይላሉ። ሹፌርነት የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚህ አስተያየት አልስማማም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሰው ገንዘቡን በስልክ ሲልክና ሲቀበል፣ ባንኮች አሠራራቸውን ሲለውጡ፣ የፋይዳ መታወቂያ በየመሥሪያ ቤቱ ሲጠየቅ እያየን ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራና ሲበላሽ የሚጠግን የአገር ልጅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በቤቱ ተቀምጦ ለውጭ አገር ድርጅት እየሠራ በዶላር ይከፈለዋል እየተባለ የሚወራውን ለሁሉ የሚደርስ አድርጎ መቍጠር፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች በእርግጥ አሉ፤ ያገኙትም በዲግሪው ወረቀት ሳይሆን ሠርተው ባሳዩት ሥራ ነው።

ስለዚህ ለጎረቤቴ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው፤ ልጁ የደረሰውን የመንግሥት ቦታ አይልቀቅ፤ ላሞቹም አይሸጡ። በክረምቱና በትርፍ ጊዜው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ይሞክርና፣ ፍቅሩ የእውነት መሆኑ በሥራው ይታይ። ለልጄም የምለው፣ ዕዳውን ሳትፈሪ፣ ነገር ግን መጠኑን ዐውቀሽ ፈርሚ ነው።

ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ፈርሞ ዕዳውን በምረቃው ቀን ከሚሰማ፣ በየዓመቱ የደረሰበት መጠን በጽሑፍ ቢሰጠው፤ ሁለተኛ፣ ከየሙያው ከተመረቁት ስንቱ በዓመቱ ሥራ እንዳገኙና በምን ያህል ደመወዝ እንደተቀጠሩ በየጊዜው በጋዜጣ ቢወጣ ለወላጅ ሁሉ ትልቅ ውለታ ነው። በአሜሪካ አገር የተማሪዎች ዕዳ ከአንድ ትሪሊዮን ተኩል ዶላር በልጦ አገር የሚከራከርበት ነገር ሆኗል። የእኛ ዕዳ ገና ትንሽ ሳለ ሒሳቡን በግልጥ መያዝ ይሻላል።

ጎረቤቴ ምክሬን ይቀበል አይቀበል ገና አልወሰነም፤ ላሞቹ ግን ይህን ስጽፍ አልተሸጡም። በዚህ ጉዳይ የተሻለ ሐሳብ ያለው አንባቢ በዚሁ ዓምድ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጫንጮ