ጩኸቱን ማን ይቻለው?

የአልፕስ በረዶ ሲቀልጥና መንገዶቹ ሲከፈቱ አስጎብኚዎች ደንበኞቻቸውን በሞተር ሳይክል አሰልፈው ተራራ ለተራራ ይዞራሉ። የጣሊያኑ ስቴልቪዮ ከ2,750 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በአንዱ በኩል ብቻ 48 ጠባብ መታጠፊያ አለ። ለነጂው ደስታ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ከእያንዳንዱ መታጠፊያ ሲወጣ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሞተሩም ያጓራል። አሥር ሞተር ከሆነ አሥር ጊዜ። ከኋላ ደግሞ ሌላ ቡድን አለ። ነጂው አንዴ አልፎ ይሄዳል፤ የሸለቆው ነዋሪ ግን ቅዳሜና እሑድን መስኮት ዘግቶ ይውላል።

በስተሰሜን ያለችው የኦስትሪያዋ ቲሮል እ.ኤ.አ. በ2020 በሮይተ አካባቢ በተመረጡ መንገዶች ላይ፣ ቆሞ ሲለካ ድምፁ ከ95 ዴሲቤል የሚበልጥ ሞተር ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንዳያልፍ ከለከለች። «አድልዎ ነው!» ተባለ። የምን አድልዎ? ሕጉ የሚያየው ማሽኑን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ልኩም በምዝገባ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

«ጩኸታም የስፖርት መኪናስ?» የሚለው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ መኪናውንም መከልከል ነው እንጂ ሞተሩን መልቀቅ አይደለም።

አስጎብኚው ሆቴሉን፣ ማደያውን፣ የምሳ ሰዓቱን ሳይቀር አስቀድሞ ያጣራል። ይህችን አንዲት ቁጥር ማየት እንዴት ያቅተዋል? ከ95 በላይ ይዞ የመጣ ደንበኛ ወይ ጸጥ ያለ ሞተር ይከራይ፣ ወይ ይቅር። የአስጎብኚው ገቢ ቢጎድልም ይጉደል።