ትራይኮርደር የለኝም፤ ታሪካችሁን ንገሩኝ

ዛሬ ከኮሚክ መጽሐፍ ልጀምር፤ ሳትስቁ አንብቡኝ።

ባለፈው ሳምንት የማታ ተረኛ ሆኜ፣ ሰው ቀለል ሲል ስልኬ ላይ አንድ የቆየ ኮሚክ ከፈትኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ ጆን በርን ጽፎ የሳለው፣ የስታር ትሬኩ ሀኪም ዶክተር ማኮይ ዋና ገጸ ባህሪ የሆነበት ነው። ማኮይ ከትልቋ የጠፈር መርከብ ወርዶ ሩቅ ፕላኔቶች ላይ እየዞረ ያክማል።

ስታር ትሬክን ያየ ሰው ትራይኮርደር የምትባለዋን መሣሪያ ያውቃታል። ሀኪሙ በሽተኛው ላይ ዞር ዞር ያደርጋታል፣ ውጤቱ ወዲያው ይመጣል። ተማሪ እያለሁ በጣም ነበር የምቀናባት። አሁን ግን ካዛንቺስ ስሠራ፣ ብዙ ሰው እሷን ፈልጎ የሚመጣ ይመስለኛል።

በቅርቡ አንዲት እናት መጡ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ገና ሳይቀመጡ፣ «የኔ ልጅ፣ ጥያቄውን ተወውና ደም እዘዝልኝ፤ ታይፎይዴ ነው የተነሳብኝ» አሉኝ። ቦርሳቸው ውስጥ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሦስት የላብራቶሪ ወረቀቶች አሉ። ሦስቱም ላይ «ዊዳል ፖዘቲቭ» ይላል። ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስደዋል።

«እሺ እማማ፣ ግን መጀመሪያ ትንሽ ያጫውቱኝ» አልኳቸው።

ሳል አለ? «እሱማ ከፋሲካ ጀምሮ አለ፤ ብርድ ነው።» ሌሊት ያልብዎታል? «ኧረ አንሶላ ነው የምቀይረው!» ቀሚሳቸውም ሰፍቷቸዋል።

አክታቸው ሲመረመር ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ማታ ማታ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ነው የሚተኙት።

ዊዳል የሚያየው ሰውነታችን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይሄ ደግሞ ከድሮ ሕመም ሊቀር ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ «ፖዘቲቭ» ብቻውን ታይፎይድ አለባችሁ ማለት አይደለም። ላብራቶሪ የጠየቅነውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ምን እንደምንጠይቀው የሚነግረን ደግሞ የእናንተ ታሪክ ነው።

ጥፋቱን በሽተኛው ላይ ብቻ አልጥልም። ወረፋው ሲረዝም፣ ቀና ብዬ ሳላይ የላብራቶሪ ወረቀት የጻፍኩበት ቀን እኔም አለኝ። ሁለት ደቂቃ ጨምሬ ብጠይቅ ኖሮ የምላቸው ሰዎች አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትራይኮርደርን በእውን ለመሥራት ዓለም አቀፍ ውድድር ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አንደኛ የወጣውን ቡድን የመራው የድንገተኛ ክፍል ሀኪም ነው። የሠሩት መሣሪያ የልብ ምትና ትንፋሽ ከመለካት አልፎ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? በሽተኛውን ይጠይቃል!

ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ፦

1. የበሽታውን ስም ሳይሆን የሚሰማችሁን ተናገሩ። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰው።
2. የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተቀበላችሁትንም ጭምር አትደብቁ። ካርቶኑን ፎቶ አንስታችሁ አምጡ።
3. ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ነው።
4. ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ወረቀት ከሰጣችሁ፣ «ዶክተር፣ አንዴ ልንገርህ» በሉት። እኔንም ቢሆን!

እኚያ እናት መድኃኒታቸውን ጀምረዋል፣ የልጅ ልጃቸውም ተመርምሯል። እናንተ ቤት ሲያስል የከረመ ሰው ካለ ይሄን ላኩለት።

ጤና ይስጥልኝ።