ጃኬተ አጭሩን ማን ስም ያውጣለት?

ላፍቶ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ውረዱና አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ሽታውን ቻሉት፤ ጥፋቱ የወንዙ ሳይሆን የኛ የከተሜዎቹ ነው። ከሥሩ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ጥቁር ነገር ጭራውን ሽቅብ ሰቅሎ ሲሮጥ ብታዩ አትደንግጡ። የሰፈር ልጆች “ጊንጥ!” ብለው ይበተናሉ። ጊንጥ አይደለም፣ ጥንዚዛ ነው። የላይኛው ክንፉ ወገቡ ላይ ስለሚያበቃ የታናሽ ወንድሙን ጃኬት የለበሰ ይመስላል። የሚበርበት ክንፍ ደግሞ እዚያች አጭር ጃኬት ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። በአማርኛ የራሱ ስም ሲጠራ ሰምተን ስለማናውቅ እኛ ለጊዜው “ጃኬተ አጭር” ብለነዋል። የተሻለ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ሳይንስ ቤተሰቡን ስታፊሊኒዴ ይለዋል። በዓለም ላይ ከ60,000 በላይ ዝርያዎቹ ተሰይመዋል፤ የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች ሁሉ ተደምረው አጠገቡ አይደርሱም። ገና ያልተሰየመውም ብዙ ስለሆነ በየዓመቱ አዳዲስ ይጨመራሉ። ብዙዎቹ በበሰበሰ ቅጠልና በእበት ውስጥ የዝንብ ትል እያደኑ የሚኖሩ ናቸው።

“እና ምን ይጠበስ?” ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር።

እስቲ ከቡና እንጀምር። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 “ኮፊያ አራቢካ” ብሎ መዘገበው። የኢትዮጵያ ጫካ ልጅ በዓረብ ስም ተጠመቀና ቀረ። የስያሜ ሕጉ ቀድሞ በደንቡ ታትሞ የወጣውን ስም ያጸናል፤ ቁጭታችን አይለውጠውም። በቀድሞው አሥር ሳንቲም ላይ የምናውቀው የደጋ አጋዘንም እ.ኤ.አ. በ1910 “ቡክስቶኒ” ተባለ። ባክስተን ማን ነው? ተኩሶ የገደለው እንግሊዛዊ አዳኝ! በሌላ በኩል ዋልያ እ.ኤ.አ. በ1835 “ካፕራ ዋሊዬ” ተብሎ ሲሰየም የኛኑ ስም ይዞ ሄደ። ጤፍም ዛሬ ድረስ በሳይንስ ስሙ “ኤራግሮስቲስ ቴፍ” ነው። በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ስሙ ከየትኛውም ቋንቋ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የማን ቋንቋ ተመረጠ አይደለም፤ ሲሰየም ማን እዚያ ነበር ነው። ቡናው ሲሰየም አልነበርንም። አጋዘኑ ሲሰየም አልነበርንም። ጃኬተ አጭሩ ግን ገና አላለቀም።

እስካሁን ማን ሰየመው? እ.ኤ.አ. በ1882 ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ዲፕሎማት አሺል ራፍሬ፣ ዛሬ ከዚህ ቤተሰብ የሚቆጠሩ በጣም ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ሊቅ ነበር። እኛ ከድንጋይ ስለተፈለፈለው ቤተ መቅደስ ስናወራ፣ እሱ ከድንጋይ ሥር ያለውንም ይለቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ደግሞ እንግሊዛዊው ሂው ስኮት አገራችን መጥቶ ነፍሳት ሰብስቦ ሄደ። የራፍሬ ስብስብ ፓሪስ፣ የስኮት ለንደን ነው።

እዚህ ላይ “ሌቦች!” ብሎ ጽሑፉን መዝጋት ይቻላል። ጭብጨባም አያጣም። እኛ ግን አንልም። ሰዎቹ ሰበሰቡ፣ ጻፉ፣ ለረጅም ዓመታት ከብል ጠብቀው አቆዩት። አሁን ደግሞ አዋጅ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንም ሰው የብዝሃ ሕይወት ሀብታችንን ያለ ፈቃድ ይዞ እንዳይወጣ ይከለክላል። መልካም። በሩ ተቆለፈ። ከቆለፍን በኋላ ግን ቤቱ ውስጥ ያለውን ማን ቆጠረው? ቆልፎ መተኛት ጥበቃ አይባልም።

“አቅም የለንም” የሚለውንም አንቀበልም። አዲስ ዝርያ መግለጽ ምን ይጠይቃል? ናሙናውን አልኮል ውስጥ መክተት፣ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ የወንዱን ብልት አውጥቶ መመርመር (አትሳቁ፤ ተመሳሳይ ዝርያዎችን ብዙ ጊዜ የሚለየው እሱ ነው)፣ ቀድሞ ከተሰየሙት ጋር ማነጻጸር፣ ለስሙ ምስክር የሚሆን አንድ ናሙና መርጦ ሙዚየም ማኖር፣ ልዩነቱን ጽፎ ማሳተም። ከሁሉ በላይ ትዕግሥት። ከ5,000 በላይ የጃኬተ አጭር ዝርያዎችን የሰየመው ኦስትሪያዊው ማክስ በርንሃወር እንኳ እንጀራው ሌላ ነበር፤ ውል አዋዋይ ነበር።

ደግሞስ በዕፅዋት አድርገነዋል እኮ! የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው ከውጭ ምሁራን ጋር አብረው የአገሪቱን ዕፅዋት ቅጠል በቅጠል መዘገቡ። አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለን፤ እዚያው የእንስሳት ሙዚየምም አለን። የጎደለው ለጥንዚዛ እንዲህ ሠላሳ ዓመት የሚቀመጥ ሰውና ደመወዙን የሚከፍል ተቋም ነው።

የሰፈራችን ስም ራሱ ምስክር ነው። አባቶቻችን ገመድ የሌለው መገናኛ ሲያዩ “ንፋስ ስልክ” አሉት። አላፈሩም፣ የማንንም ፈቃድ አልጠበቁም፤ ለማያውቁት ነገር ከራሳቸው አፍ ስም አወጡለት። እኛ በዚያ ስም የቤት ካርታ እናወጣለን፣ ከእግራችን ሥር ላለው ፍጡር ግን ስም የለንም።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። ከተማዋ የወንዝ ዳርቻዎቿን እያለማች ነው። ወንዙ ይጽዳ፣ መናፈሻውም ይሠራ፤ የምንቃወም አይደለንም። ነገር ግን ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት የባዮሎጂ ተማሪዎች ወንፊትና አልኮል ይዘው ጥቂት ቀን እንዲሰበስቡ ማድረግ ስንት ያስወጣል? ከተነጠፈው ድንጋይ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም! አንድ ቦታ ብቻ የሚኖር ዝርያ እዚያው ከተቀበረ ግን በየትኛውም በጀት አይመለስም። እንደነበረ እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

እናንተ የባዮሎጂ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ርዕስ አጣን አትበሉን። አውቶቡስ እየጠበቃችሁ የምትቆሙበት አፈር ሥር ርዕስ አለ። እስከዚያው ግን የገለበጣችሁትን ድንጋይ መልሱት፤ የሰው ቤት ነው።